ዝናቡ ይቁም፣ እጣቢው ይሂድ
(በአውሮራ፣ ኮሎራዶ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን የተደረገ ንግግር)

እንደምን ዋላችሁ እናቶች፣ አባቶች፣ ወንድሞችና እህቶች! ከኋላ «እግዚአብሔር ይመስገን» አልሰማሁም፤ ከኋላ ያላችሁ ደህና ናችሁ ወይ? ... እሺ፣ አሁን ተሰማ። ዛሬ እንድናገር ለጋበዙኝ አስተባባሪዎች፣ ከወዲያ ጥግ ቡና ለሚቆሉልን እህቶች ምስጋናዬ ይድረስ። ቡናው ከእኔ ንግግር እንደሚጥም አውቃለሁ፤ ቶና ሳይቀዳ ለመጨረስ እሞክራለሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ፤ የቧንቧ ሠራተኛ ነኝ። አብዛኛውን ጊዜ የምንገናኘው ቤዝመንታችሁ ውሃ ሞልቶ፣ እናንተም ሱሪያችሁን እስከ ጉልበት ጠቅልላችሁ ስትጠብቁኝ ነው። ዛሬ በደረቅ እግር ስለተያየን ደስ ብሎኛል።

የመጣሁበት ጉዳይ የዝናብ ውሃ ማጠራቀምና የቤት እጣቢን መልሶ መጠቀም ነው። በተለይ ደግሞ ይህን በብርድ አገር እንዴት እንደምናደርገው። ለምን በብርድ አገር? በዚህ ጉዳይ ስልካችን ላይ የምናያቸው ቪዲዮዎች አብዛኞቹ ከአሪዞናና ከካሊፎርኒያ የተቀረጹ ናቸው። ፊኒክስ ያለ ሰው ስለ ጃንዋሪ ሌሊት ምን አስጨነቀው? እኛ ነን የምንጨነቀው። የእሱን አይተን እዚህ እንሠራና፣ ታንክስጊቪንግ ሳይደርስ ስልኬ ይጮኻል።

የምለውን ሁሉ ብትረሱ ይህችን ያዙልኝ፦ ዝናቡን አቁሙት፣ እጣቢውን አታቁሙት፣ ብርድ ሲመጣ ሁለቱንም ልቀቁ። ልድገመው? ዝናቡን አቁሙት፣ እጣቢውን አታቁሙት፣ ብርድ ሲመጣ ሁለቱንም ልቀቁ። ማቆም ስል ማጠራቀም ማለቴ ነው፤ የቀረው ማብራሪያ ነው።

ከዝናቡ ልጀምር።

አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ከጣራችሁ ላይ የሚወርደው ዝናብ የማን ነው? ... «የእግዜር ነው» ያሉት እናት ልክ ነዎት። ኮሎራዶ ግን «ከእግዜር ቀጥሎ ወረፋ የያዘ አለ» ትላለች። የስቴቱ ሕገ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1876 ሲጸድቅ፣ ውሃ ላይ ቀድሞ የተጠቀመ ቀዳሚ ባለመብት ነው የሚለው ሥርዓት አብሮ ገባ። በስተደቡብ፣ ሳን ሉዊስ የምትባል መንደር እ.ኤ.አ. በ1852 የተቆፈረ የመስኖ ቦይ አለ፤ ዛሬም ውሃ ይሄድበታል። በስቴቱ ሳይቋረጥ ሲሠራበት ከኖረው የውሃ መብት ሁሉ አንጋፋው የዚያ ቦይ ነው። ጣራዬ ላይ ያረፈችው ጠብታ ወንዝ ልትገባ የነበረች ናት፣ ወንዙም ከታች ባለቤት አለው ተብሎ፣ ዝናብ ማጠራቀም ለብዙ ዘመን ክልክል ነበር። እስቲ አስቡት! እኛ አገር ክረምት ሲገባ ከአሸንዳው ሥር በርሜል ያላስቀመጠ ሰው ሰነፍ ይባላል። እዚህ ጥፋተኛው ያስቀመጠው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2007 በዳግላስ ካውንቲ ጥናት ተሠራ። ከሚወርደው ዝናብና ስኖው ወንዝ የሚደርሰው በአማካይ ከመቶ ሦስት እጁ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። የቀረውን ሣሩ ይጠጣዋል፣ ፀሐይ ይወስደዋል። ከዚያ በ2009 ለአንዳንድ የግል ጉድጓድ ላላቸው ሰዎች ተፈቀደ። በ2016 ደግሞ ለሌሎቻችን፦ ሁለት በርሜል፣ ሁለቱ ተደምረው ከ110 ጋሎን የማይበልጡ። በርሜሉ የሚገጠም ክዳን ይኑረው፣ ውጭ መሬት ላይ ይቀመጥ፣ ከጣራ መውረጃ ይሙላ፤ ውሃው ለገዛ ግቢያችሁ አትክልትና ሣር ይዋል። ለመጠጥ አይሆንም፤ ቤት ውስጥም አይገባም። ለብቻው የቆመ ቤት ወይም እስከ አራት ቤተሰብ የሚኖርበት ሕንፃ ይመለከታል፤ ትልልቅ አፓርታማ ያላችሁ የላችሁበትም፤ ይቅርታ። ኤችኦኤ፣ ማለትም የሰፈር የቤት ባለቤቶች ማኅበር፣ አለብን ለምትሉ ደግሞ፣ የበርሜሉን መልክና ቦታ በተመለከተ ሊጠይቋችሁ ይችላሉ፣ ከናካቴው ሊከለክሏችሁ ግን ሕጉ አይፈቅድላቸውም።

አሁን እንቁጠር። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ይህን ሒሳብ ልጆቻችሁ እንዲሠሩላችሁ አድርጉ። 100 ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አምስት ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 500 ሊትር ነው፤ የሚረጨውና የሚተነው ይቀነስ። የእኛ ሁለት በርሜል የሚይዘው 416 ሊትር ነው። ይህ ማለት በጁን ከሰዓት በኋላ የሚመጣ አንድ መልካም ነጎድጓድ ሁለቱንም ሞልቶ ያፈሳቸዋል። ታዲያ ትርፉ የት ይሂድ?

ይህ ጥያቄ ከበርሜሉ ይበልጣል። ከሮኪ ተራሮች ግርጌ ያለው አፈር ብዙ ቦታ ውሃ ሲጠጣ የሚያብጥ ሸክላ ነው። መረሬ ያረሰ ሰው እዚህ አለ? ያ ማለት ነው። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። የበርሜሉ ትርፍ ውሃ ከግድግዳው ሥር ከፈሰሰ መሬቱ አብጦ መሠረቱን ይገፋዋል። ስለዚህ የትርፉን መውጫ በጎማ ቱቦ ቢያንስ አምስት ፉት ከቤቱ አርቃችሁ፣ ዝቅ ያለ መደብ ቆፍራችሁ፣ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ ሥር ልቀቁት። መውረጃውን ወደ አትክልት ቦታ ማዞር ደግሞ የበርሜል ገደብ አይነካውም። የፈለጋችሁትን ያህል አዙሩ። እኔ እንደማየው የኮሎራዶ ሰው ትልቁ የውሃ ጎተራ በርሜሉ ሳይሆን አፈሩ ነው።

ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። ዴንቨር አንድ ማይል ከፍ አልሁ ብላ ስትኮራ እኔ ዝም ብዬ እስቃለሁ፤ ደብረ ብርሃን ከዚህች ከተማ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ትበልጣለች። አያቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ሰኔ ሲገባ የመጀመሪያውን ዝናብ በርሜል አታስገባም ነበር። አሸንዳውን ዘወር አድርጋ ታፈሰዋለች። «ቆርቆሮው ፊቱን ይታጠብ» ትል ነበር። የበጋው አቧራ፣ የወፍ ኩስ፣ የቅጠል ብስባሽ ሁሉ በዚያ ይወርዳል። ዛሬ ለዚሁ ሥራ ራሱን የቻለ ዕቃ ይሸጣል፤ ከበርሜሉ በፊት ቆማ የመጀመሪያውን ውሃ የምትይዝ ቧንቧ ናት። እዚህ ደግሞ ይበልጥ ያስፈልጋል፤ ጣራችን ሬንጅ የተቀባ ሺንግል ነው፣ በረዶ ሲደበድበው ጥቁር ጥቁር አሸዋ ያራግፋል። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 የወረደውን በረዶ የረሳ አለ? የመኪናችሁ ኮፈን ያስታውሳችኋል! ከእንዲህ ያለ በረዶ በኋላ በርሜሉን ደፍታችሁ እጠቡት። ጁን ላይ ደግሞ ከኮተንዉድ ዛፍ የሚበነው ጥጥ የትንኝ መከላከያ ወንፊቱን እንደ ብርድ ልብስ ይሸፍነዋል። በእጃችሁ ጠርጉት፤ ካልጠረጋችሁት ውሃው ከላይ ይፈስና «በርሜሉ አይሠራም» ብላችሁ ትደውሉልኛላችሁ።

አንድ በርሜል ሲሞላ ከ200 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ጡብ ላይ ስታስቀምጡት ጡቡ ደልዳላ መሬት ላይ ይሁን። ልጆች ሲሯሯጡ የሚገፉት ነገር አይደለም፤ ከተገፋ ደግሞ ልጅ ላይ ይወድቃል።

እሺ። ዝናቡን አቆምነው። ወደ እጣቢው እንሂድ።

እጣቢ ስል የቱን ነው? የሻወርን፣ የገንዳን፣ የእጅ መታጠቢያን፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽንን። የሽንት ቤት ውሃ እንደማይገባ ሁላችንም እናውቃለን። የወጥ ቤቱስ? «ሳህን ያጠብንበት ነው፣ ምን አለበት?» የሚል ድምፅ ሰማሁ። አለበት! የኮሎራዶ ደንብ የወጥ ቤት ሲንክና የሳህን ማጠቢያ ማሽን ውሃን ከዚህ ቆጠራ አውጥቶታል፤ ደግሞም ልክ ነው። የእኛን ወጥ ቤት አስቡት፦ ቅቤው፣ የቁሌቱ ዘይት፣ የሊጡ እጣቢ። ስቡ ቱቦ ውስጥ ይረጋል፤ የምግብ ርጋፊው ይሸታል፣ አይጥ ይጠራል። በብርድ ጊዜማ ስቡ ሻማ ይሆናል። የወጥ ቤቱን ለፍሳሽ መስመሩ ተዉለት።

ለምን እጣቢውን አታቁሙት አልኩ? አንድ ደንበኛ ነበረኝ፤ ጥሩ ሰው፣ ቆጣቢ ሰው። የሻወሩን ውሃ ጋራዥ ውስጥ ወዳለ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል አስገባው። «ለአትክልት ሲያስፈልገኝ እቀዳለሁ» ብሎ ሳምንት አቆየው። የጠራኝ «ጋዝ ሳይፈስ አይቀርም» ብሎ ነው። ጋዝ አልነበረም። ክዳኑን ስከፍተው ላዩ ግራጫ ቆዳ ለብሷል፣ ፀጉርና የሳሙና ቅርፊት ተጋግሮበታል፤ ሽታው የተበላሸ እንቁላል ነው። በእጣቢ ውስጥ የቆዳ ርጋፊ፣ ሳሙና፣ ላብ አለ፤ ባክቴሪያዎቹ ያንን ሲበሉ ኦክስጅኑን ይጨርሱታል፣ ኦክስጅን ሲያልቅ ነው የሚገማው። ስለዚህ ደንቡ ቀላል ነው፦ እጣቢ ከ24 ሰዓት በላይ አይቁም። በወጣበት ቀን አፈር ይግባ፤ የሚያጣራው አፈሩ ነው። አፈር ውስጥ ያሉት ረቂቅ ተሕዋስያን የሳሙናውን ቆሻሻ ይበሉታል፣ ሥሩ ውሃውን ይጠጣል። የእኛ ሥራ ለእነሱ በሚችሉት መጠን ማቅረብ ብቻ ነው።

አሠራሩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሁሉ የሚቀለው የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ ነው፤ የራሱ ፓምፕ አለው። ውሃ መውጫ ቱቦው ላይ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ይገጠማል፦ በአንድ በኩል ወደ ፍሳሽ መስመሩ፣ በሌላ በኩል ወደ ግቢ። ወደ ግቢ የሚሄደው ባለ አንድ ኢንች ቱቦ ነው። ከፍ ባለው ቦታ ላይ አየር ማስገቢያ ይደረግለታል፤ ያ ከሌለ ቱቦው ማሽኑ ውስጥ ያለውን ውሃ መጦ ሊወስደው ይችላል። ከዛፉ ዙሪያ ጉድጓድ ይቆፈራል፣ በእንጨት ፍቅፋቂ ይሞላል፣ ውሃው ከፍቅፋቂው ሥር ይወጣል። ላይ ላዩን አይፈስም፣ ኩሬ አይሠራም፤ ልጅም ውሻም አይረግጠውም። ያቺ ፓምፕ ግን የተሠራችው አጠገቧ ወዳለው ቧንቧ ለመግፋት ነው፤ ዳገት አውጡልኝ፣ ግቢውን ዙሩልኝ ብትሏት ትቃጠላለች።

የት እናጠጣው? የጥላ ዛፍ፣ ቁጥቋጦ፣ ጽጌረዳ ይሁን። ጎመናችሁን፣ ሰላጣችሁን፣ ካሮታችሁን በእጣቢ አታጠጡ። እማማ፣ የጎመኑ መደብ እንዳሳሰበዎት ፊትዎ ላይ አይቻለሁ! ለጎመኑ የበርሜሉን ዝናብ ይስጡት፤ ሁለቱ ውሃዎች ሥራ ይከፋፈሉ።

ሳሙናውንስ? የዱቄት ሳሙና ብዙውን ጊዜ ሶዲየም ይበዛበታል፤ ሶዲየም ደግሞ ያን የሸክላ አፈራችንን ያደነድነዋል፣ ውሃ ማስገባት እምቢ ይላል። ቦሮን ያለበትም ቅጠል ያቃጥላል። ፈሳሽ ሳሙና፣ ያለ ቦራክስ፣ ያለ በረኪና። በረኪና የምትጠቀሙበት ቀን፣ የሕፃን ዳይፐር ጨርቅ የምታጥቡበት ቀን፣ ቤት ውስጥ የታመመ ሰው ያለ ቀን፣ ቫልቩን ወደ ፍሳሽ መስመሩ አዙሩት። ለዚህ ነው ቫልቩ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን ያለበት። ከማሽኑ ጀርባ፣ ከሸረሪት ድር ውስጥ የተቀበረ ቫልቭ ማንም አያዞረውም።

ሕጉን በተመለከተ፦ ስቴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 በሕግ ፈቀደ፣ በ2015 ዝርዝር ደንቡ ጸደቀ፣ ዴንቨር በ2016 የራሷን ሥርዓት ዘረጋች። እንደ ዝናቡ ግን ሁሉም ጋ አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ከተማ የሚቻለው ሌላው ጋ ላይቻል ይችላል። ስለዚህ ቱቦ ከመቁረጣችሁ በፊት ከተማችሁን ወይም ካውንቲያችሁን ደውላችሁ ጠይቁ። ፐርሚት ሳይኖር የተሠራ ሥራ ቤት ስትሸጡ ይወጣል። ይህን የምለው ሥራ እንድታመጡልኝ አይደለም፤ ደህና፣ ትንሽ እሱም አለበት።

ቱቦ ሳይቆረጥ፣ ማንም ሳይጠየቅ የሚሠራ ነገርም አለ። በቅርብ ከአገር ቤት የመጡ አንድ እናት ቤት ቧንቧ ልጠግን ሄድኩ። ሻወሩ ውስጥ ባልዲ ተቀምጧል። ልጃቸው አፍራ «ማዘር አሁንም አገር ቤት ያሉ ይመስላቸዋል» አለችኝ። እሳቸው ግን የሚያደርጉትን ያውቃሉ፦ ሙቅ ውሃው እስኪመጣ የሚፈሰውን ቀዝቃዛ ውሃ ነው የሚይዙት። ሳሙና አልነካውም፣ ገላ አልነካውም፣ የተከፈለበት ንጹሕ የቧንቧ ውሃ ነው። የቤት ውስጥ አበባ ያጠጡበታል፣ የተረፈውን ሽንት ቤት ይደፉታል። ልጅቷን «ሁለት ጋሎን ቆጥረሽ ክፈያቸው» አልኳት። ይህ ዘዴ ጃንዋሪም ይሠራል፣ ጁላይም ይሠራል።

አሁን ወደ ብርዱ። ቡናው ደረሰ? ... አልደረሰም። ጥሩ።

ደብረ ብርሃንም ብርድ አለ፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ማለዳ የበርሜሉን ላይ ላዩን ስስ በረዶ በጣሳ ሰብረን ነበር የምንቀዳው። ግን እዚያ ውርጩ የሌሊት ነው። ፀሐይ ስትወጣ ሁሉም ይቀልጣል፣ መሬቱ አይረጋም። በርሜሉ ዓመቱን ሙሉ ውጭ ይከርማል፣ ምንም አይሆንም። እዚህ ብርዱ ገብቶ ይቀመጣል። በዴንቨር የቤት መሠረት ሲቆፈር 36 ኢንች ድረስ የሚወረደው ለምንድነው? ብርዱ መሬት ውስጥ ስለሚገባ ነው። ሚኒሶታ ዘመድ ያላችሁ ጠይቁ፤ ደቡቡ 42፣ ሰሜኑ 60 ኢንች ነው። ልዩነቱ ይኼ ነው። አገር ቤት የምናውቀው ልምድ ልክ ነው፤ ይህን ብርድ ግን አያውቀውም።

ውሃ በረዶ ሆኖ ሲረጋ ከመቶ ዘጠኝ እጅ ያህል ይሰፋል። መሄጃ ካጣ የያዘውን ይሰነጥቃል። በበርሜል ላይ መጀመሪያ የምትሰነጠቀው የታችኛዋ መክፈቻ ናት፤ ትንሽ ውሃ አንገቷ ውስጥ ይቀራል፣ ያ ይበቃታል። ብርዱ አልፎ በርሜሉ ሲሞላ ይንጠባጠባል፤ ስንጥቁ ፀጉር ያህል ስለሆነ ብዙ ሰው አያየውም።

ስለዚህ መቼ እንክፈት፣ መቼ እንዝጋ? እዚህ አካባቢ የመጨረሻው ውርጭ ብዙውን ጊዜ እስከ ሜይ መጀመሪያ ይዘልቃል፣ የመጀመሪያው ደግሞ ኦክቶበር መጀመሪያ ላይ ይመጣል። የፈረንጁን ቀን መያዝ ካቃታችሁ የእኛ አለላችሁ፦ በግንቦት ልደታ ክፈቱ፣ ደመራ ሳይለኮስ ዝጉ። በርሜሉን ድፉት፣ እጠቡት፣ መክፈቻውን ክፍት ተዉት፣ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። የጣራውን መውረጃ ወደ ነበረበት መልሱ፣ ካልመለሳችሁት ማርች ላይ የሚጥለው እርጥብ ስኖው ሲቀልጥ ግድግዳ ሥር ይወርዳል። «ስኖው ቀልጦስ ብንይዘው?» የሚሉኝ አሉ። ቀን የሞላው ሌሊት ይረጋል፤ ልፋት ነው።

የእጣቢው መስመር ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ተዳፋት ነው። ውጭ ያለው ቱቦ በእያንዳንዱ ፉት ቢያንስ ሩብ ኢንች ይውረድ፤ ማሽኑ ሲቆም ውሃው በራሱ ጊዜ ፈስሶ ያልቅ። ባዶ ቱቦ ምንም ቢበርድ አይፈነዳም። የሚፈነዳው ሆዱ የወረደ፣ ውሃ የቋጠረ ቱቦ ነው። ሁለተኛው ወቅት ነው። መሬቱ ሲቀዘቅዝ ያጣሩልን የነበሩት ተሕዋስያን ሥራ ያቆማሉ ማለት ይቻላል፣ ዛፉም ተኝቷል፣ አይጠጣም። ያን ጊዜ የምትልኩት እጣቢ ሳይጣራ ይቀመጣል፤ መሬቱ ከረጋ ደግሞ ላዩ ላይ ወጥቶ የበረዶ መንሸራተቻ ይሆናል። ጎረቤት ይወድቅበታል። ጎረቤት ሲወድቅ ደግሞ ጠበቃ ይነሣል!

አንድ ጃንዋሪ ሌሊት የተጠራሁበትን ልንገራችሁ። የላውንድሪ ክፍሉ ወለል ውሃ ነው፣ ማሽኑ ያቃስታል፣ ባልና ሚስቱ ፎጣ ይዘው ይሯሯጣሉ። ማሽኑ ተበላሽቶ መስሏቸዋል። ወደ ግቢ የሚወጣውን ቱቦ ግድግዳው ጋ ነቅዬ አወጣሁት፤ አፉ ላይ የጣት ርዝመት ያለው በረዶ ተሰክቷል፣ መሀሉ ላይ የሰማያዊ ፎጣ ክር ተጠቅልሎ ይታያል። ፓምፗ ያንን ስትገፋ፣ ስትገፋ፣ ውሃው ወደ ኋላ ተመለሰ። ቫልቩ የት ላይ ነው? «ወደ ግቢ» ላይ። ከሙቀቱ ወራት ጀምሮ ማንም አልነካውም። አዞርኩት፣ ጨረስኩ። የሌሊት ክፍያዬ ግን የሌሊት ነው።

«ታዲያ የብርዱን ወራት ሙሉ እጣቢው በከንቱ ሊሄድ ነው?» ትሉኛላችሁ። በብርድ ጊዜ እጣቢ ሥራ የሚኖረው ቤት ውስጥ ነው፤ ሽንት ቤት ለመልቀቅ። ፎርት ኮሊንስ፣ የኮሎራዶ ስቴት ዩኒቨርሲቲ አስፐን ሆል በሚባል የተማሪዎች ማደሪያው የሻወር ውሃ አጣርቶ ለዚሁ አውሎታል። ግን ማጣሪያ፣ ተሕዋስያን መግደያ፣ ከመጠጥ ውሃው ፈጽሞ የማይገናኝ የተለየ ቧንቧ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ለሚታጠብበት ማደሪያ ያዋጣል፤ ለአንድ ቤተሰብ ቤት ግን አልመክርም። በዚያ ገንዘብ አሮጌ ሽንት ቤታችሁን በውሃ ቆጣቢ ቀይሩበት፤ ይበልጥ ያተርፋችኋል። ከኦክቶበር እስከ ሜይ እጣቢው በፍሳሽ መስመሩ ይሂድ፤ ከተማው አጣርቶ ወደ ወንዙ ይመልሰዋል፣ ከታች የሚጠብቁት ባለመብቶችም ይጠቀሙበታል።

የመጣሁበትን ጨረስኩ። እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ዕቃ ይዣለሁ፤ አንዱ አዲስ ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ነው፣ ሌላው ባለፈው የብርድ ወቅት የተሰነጠቀ የበርሜል መክፈቻ ነው፣ ወደ ብርሃን አዙራችሁ እዩት። ወጣቶች፣ ቫልቩን በእጃችሁ አዙሩት፣ የቱ ጋ «ግቢ»፣ የቱ ጋ «ፍሳሽ» እንደሆነ ለወላጆቻችሁ አሳዩአቸው፤ ቤት ስትሄዱ በማርከር ጻፉበት፣ በአማርኛም በእንግሊዝኛም። ጥያቄ ያላችሁ ወደዚህ ቅረቡ። የጎመኑ መደብ ያሳሰብዎት እማማ መጀመሪያ ይምጡ።